ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ

ሙዘይን ሰይድ ሠላሳ አንድ ዓመት አይሱዙ ነድቷል። ጭነቱ የባህር ዛፍ አጣና ነበር። ከእንጦጦ ጀርባ ይጭናል፣ በፈረንሳይ ሰፈር በኩል ይወርዳል፣ ሕንፃ የሚሠራበት ቦታ ያራግፋል። በዚያ ቁልቁለት ፍሬን እምቢ ያላቸው ሾፌሮች ብዙ ናቸው። እሱን አንድም ቀን እምቢ ብሎት አያውቅም።

ዕድሜው ስድሳ አራት ነው። የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻውን ይኖራል። ዕጣው የወጣው በሚስቱ በመብሩካ ስም ነው። ከዚያ በፊት ቀበና ወንዝ አጠገብ የቀበሌ ቤት ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ ኖረዋል። ልጅ አልወለዱም። የመብሩካ እህት ስትሞት የአምስት ዓመት ልጇን ሀውላን ወስደው አሳደጉ። ሀውላ ዛሬ ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ቀበና ውስጥ አንድ መጋረጃ ቤት ተቀጥራ ትሰፋለች፣ እዚያው ሰፈር ክፍል ተከራይታ ትኖራለች።

መብሩካ የካቲት አራት ቀን ሞተች። ሐኪሞቹ ልብ ነው አሉ። ለቅሶው አልቆ ሰዉ ወደየቤቱ ሲገባ ሙዘይን ቁልፉን ለመኪናው ባለቤት መለሰ። ከዚያ ወዲህ በሩን የምታንኳኳው ሀውላ ብቻ ናት። ዓርብ ከሥራ ስትወጣ ከቀበና መገናኛ፣ ከመገናኛ አባዶ በሁለት ታክሲ ትመጣለች። የሠራችውን ምግብ በምሳ ዕቃ ይዛ ትገባለች፣ የደም ግፊት ክኒኑን ትቆጥራለች፣ ሁለት ሰዓት ያህል ተቀምጣ ትሄዳለች። ሙዘይን የሳምንቱን ወሬ ለዓርብ ያስቀምጣል። ቅዳሜና እሑድ የሚያናግረው ሰው ሳያገኝ የሚያልፍበት ጊዜ አለ።

ሰኔ ላይ የሸሪዓ ፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃውን ሰጠው። ያንን ይዞ ባንክ ሄደ። የመብሩካን ሒሳብ ለመዝጋት ነበር። የመጨረሻውን ስድስት ወር ስቴትመንት አትመው ሰጡት፣ አራት ገጽ። ቤት ወስዶ መስኮቱ ሥር ተቀመጠና በጣቱ እየተከተለ አነበበው። ሒሳቡን ለማጣራት ብሎ አይደለም። ሱፐርማርኬቱን አወቀው። መድኃኒት ቤቱን አወቀው። ለኢድ ጨርቅ የገዛችበትን ሱቅም አወቀው፣ በሩ ላይ ቆሞ የጠበቃት እሱ ነው። እያንዳንዱ መስመር የሄደችበት ቦታ ነበር፣ እሱም አብሯት የነበረበት።

አንዱን ብቻ አላወቀውም። ሦስተኛው ገጽ ላይ አራት ትላልቅ የእንግሊዝኛ ፊደላት አሉ፣ ቀጥሎ «ጎቭ» የሚል ቁራጭ ቃል። ቀኑ በፈረንጅ ነው። ብሩ ጥቂት ነው፣ ለታክሲ ኮንትራት እንኳን የማይበቃ።

በማግሥቱ ወረቀቱን ይዞ ባንክ ተመለሰ። መስኮቱ ላይ ያገኘው ወጣት ደረቱ ላይ «ጌድዮን» የሚል ባጅ ለጥፏል።

«አባባ፣ ጎቭ ማለት ገቨርመንት ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው የተከፈለው።»

«የትኛው?»

«እሱን አያሳየኝም። ሲስተሙ አጭር ስሙን ነው የሚያወጣው። በካርድ ነው የተከፈለው፣ በማሽን። ካርዱ እዚያው ቦታ ላይ ነበር ማለት ነው።»

«መቼ ነው?»

ጌድዮን በጣቱ እየቆጠረ ቀኑን ቀየረለት። «ፌብሩዋሪ ስድስት… በኛ ጥር ሃያ ዘጠኝ። ሐሙስ ቀን።»

«ሰዓቱስ?»

ልጁ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለ። «ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ።» ከኋላ ሰልፍ ነበረና «ሌላ የምታዘዝዎት አለ?» አለ።

ሌላ አልነበረም። ጥር ሃያ ዘጠኝን ሙዘይን አሳምሮ ያውቀዋል። በዚያ ቀን ስምንት ሰዓት ላይ መብሩካን ሆስፒታል አስገባት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሐኪሙ የመድኃኒት ወረቀት ጻፈ። መብሩካ ካርዷን ከቦርሳዋ አውጥታ ለሀውላ ሰጠቻት፣ የሚስጥር ቁጥሩን ሀውላ ታውቀዋለች። ሀውላ ወጣች። ሙዘይን ዐስር ሊሰግድ ሲነሳ ገና አልተመለሰችም ነበር። ሰግዶ ሲጨርስም አልመጣችም። ዘጠኝ ከሃያ ላይ መብሩካ አልጋ ላይ ነበረች፣ የግሉኮሱ ቱቦ ታጥፎ እሱ ነበር ያቃናው። ካርዱ ሀውላ ጋ ነበር።

ደረጃው ላይ ዲንሳን አገኘው። ዲንሳ ሦስተኛ ፎቅ የሚኖር ጡረተኛ ነው፣ የብሎኩ ኮሚቴ ሰብሳቢ። ሁለት ባዶ ጀሪካን ይዞ ይወርዳል።

«ሙዜ! ምነው እንደ ማትሪክ ተፈታኝ ወረቀት ታቅፈህ?»

ሙዘይን ነገረው። አለመንገር ይችል ነበር፣ ግን ዕለቱ ሰኞ ነበርና እስከ ዓርብ መቆየት አቃተው። ዲንሳ ጀሪካኖቹን አስቀመጠ።

«መንግሥት ቤት ሄዶ የሚከፍል ሰው ሁለት ዓይነት ነው። ወይ ሊሸጥ ነው፣ ወይ ስም ሊያዛውር። ቤቱ በማን ስም ነው?»

«በመብሩካ።»

«ካርዱስ በማን እጅ ነበር?»

ሙዘይን ወረቀቱን አጠፈ።

«እኔ ምንም አላልኩም እንግዲህ» አለ ዲንሳ። ጀሪካኖቹን አነሳ። «ኮሚቴ ሆኜ ስንቱን አየሁ ብዬ ነው እንጂ፣ ልጅቷ ጨዋ ናት። ቶሎ በል፣ ውሃው ሊሄድ ነው።»

ዓርብ ሀውላ በሰዓቷ መጣች። ጫማዋን በር ላይ አወለቀች፣ ምሳ ዕቃውን ምድጃው አጠገብ አስቀመጠች፣ ቀጥታ ወደ ክኒኑ ሄደች።

«አባ፣ አንድ ተርፏል። ማክሰኞን ዘለልክ አይደል?»

«ተቀመጪ።»

«ቆይ ይሄን ላሙቀው። ታክሲው ውስጥ የሰው ክርን ሲደቁሰው ነው የመጣው።»

«ተቀመጪ አልኩሽ።»

ምድጃውን ለኩሳ፣ ድስቱን ጥዳ፣ እየሳቀች ተቀመጠች። «ምነው፣ ሽማግሌ ተላከብኝ? ቁመቱን አስቀድመህ ንገረኝ። አጭር ከሆነ መጋረጃ ሲሰቀል ምን ይሠራልኛል?»

አልሳቀላትም። ስቴትመንቱን ፊቷ ዘረጋው።

«ያን ቀን መድኃኒት ልትገዢ ስትወጪ የት የት ሄድሽ?»

«መድኃኒት ቤት ነዋ። ሦስቱ ጋ የለም አሉኝ፣ አራተኛው ጋ አገኘሁ። ያኔውኑ ነግሬህ የለ?»

«ሌላስ?»

«ሌላ ምን?»

«የመንግሥት መሥሪያ ቤት። ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ላይ ተከፍሏል። በእሷ ካርድ።»

ሀውላ ወረቀቱን አየች። የእንግሊዝኛ ፊደላቱን ቀስ ብላ አነበበች። «ይሄን አላውቀውም።»

«ካርዱ በማን እጅ ነበር?»

«በእኔ።»

«እንግዲህ።»

«እንግዲህ ምን? ጨርሰው።»

«ቤቱ በእሷ ስም ነው» አለ ሙዘይን። ሊጨምር የፈለገው ነገር ነበር፣ ግን ምን እንደነበረ በኋላም ሊያስታውሰው አልቻለም።

ሀውላ ተነስታ ምድጃውን አጠፋች። «ሞቋል፣ ብላ» አለች። ቦርሳዋን አነሳች፣ ጫማዋን አደረገች። ሙዘይን እርምጃዋን አራቱንም ፎቅ አዳመጠው። አልሮጠችም።

በሚቀጥለው ዓርብ አልመጣችም። ስልክ ደወለ፣ ጠርቶ ጠርቶ ተዘጋ። ማታ «ደህና ነኝ» የሚል አጭር መልእክት ላከች። በሁለተኛው ዓርብም አልመጣችም። ሙዘይን ያን ቀን ከዙሁር ጀምሮ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ከታች የሚቆሙትን ታክሲዎች ቆጠረ። አሥራ ሰባት ታክሲ ሰው አራግፎ ተመለሰ።

ቅዳሜ ሲነጋ አንድ ነገር ወሰነ። ያ መሥሪያ ቤት የቱ እንደሆነ ፈልጎ ይደርስበታል። ሀውላ ከሄደች የሄደችበትን ያገኛል፣ ካልሄደችም ያንን ያገኛል። ሰኞ ተነሳና በየቢሮው መዞር ጀመረ። የመሬቱን ቢሮ ጠየቀ። የቤቶቹን ጠየቀ። ግብር የሚሰበስቡት ጋ ሄደ፣ ውሃና መብራት የሚያስከፍሉት ጋም ሄደ። የትም ቦታ ወረቀቱን ዘርግቶ በጣቱ ያሳያል፣ የትም ቦታ ፊደላቱን አይተው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። አንዷ ሴትዮ የመሥሪያ ቤቱን ስም በአማርኛ ይዞ እንዲመጣ ነገረችው። «እሱን ባውቅ መች እመጣ ነበር» አላት። ሌላው ቆፍጠን ያለ ጎልማሳ ከካርዱ ባለቤት ጋር ይመካከሩበት አለው። «እሷ አታወራም» አለ ሙዘይን። ሰውዬው ተጣልተው መሰለው፣ «ይታረቁ እንጂ አባቴ» ብሎ ወደ ሥራው ዞረ።

ረቡዕ ዕለት መገናኛ አካባቢ ዝናብ ያዘው። አንዲት ኮፒ ቤት ደጅ ተጠለለ። ባለቤቷ ማዕዶት የምትባል ዘለግ ያለች ሴት ናት። ማመልከቻ ትጽፋለች፣ ፎርም ትሞላለች፣ ኮፒ ታነሳለች። የሙዘይን ወረቀት ጠርዙ ርሶ ስታይ ዘርግታ ማሽኑ ላይ አደረቀችለት። እያደረቀች አነበበችው።

«ማዶ ነው እንዴ የሚሄዱት? ዛሬ ሰልፍ የለም።»

«የት ማዶ?»

«ይሄው የከፈሉበት። ውልና ማስረጃ።»

ሙዘይን ጆሮውን ተጠራጠረ። ከማዕዶት ትከሻ በላይ፣ ከመንገዱ ባሻገር ሕንፃው ይታያል። አሠሪዎቹ መኪና ሲሻሻጡ አሥር ጊዜ አምጥቷቸዋል። ሦስቱን ቀን በፊቱ ያለፈው በእግሩ ነው።

«ውልና ማስረጃ ስሙ ይሄ ነው?»

«የእንግሊዝኛው ነው። እኔም በደረሰኝ ብዛት ነው ያወቅሁት። አማርኛውም ቢሆን ስንቴ ተቀይሯል፣ ውልና ማስረጃ የሚል ቃልም የለበትም አሁን። ማን በዚያ ይጠራዋል? መቶ ዓመት ቢቀይሩት ውልና ማስረጃ ነው።»

ዝናቡ ሳያባራ ተሻገረ።

ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያስተናገደችው ጵርስቅላ የምትባል ሴት ናት። መነጽር አድርጋለች፣ ጉንፋን ይዟታል። መታወቂያውን፣ የወራሽነት ማስረጃውንና ስቴትመንቱን ተቀብላ በኮምፒውተሩ ፈለገች።

«ውክልና ነው» አለች። «ወካይ ወይዘሮ መብሩካ አብዱልሀኪም።»

«ተወካይዋ ማን ናት?»

«ተወካይዋ?» መታወቂያውን ድጋሚ አየች። «ተወካዩ እርስዎ ነዎት እኮ። ሙዘይን ሰይድ። ቤቷን እንዲያስተዳድሩ፣ ባንክ እንዲያንቀሳቅሱ፣ በየቢሮው እንዲጨርሱላት። ሙሉ ውክልና ነው። አልነገሩዎትም?»

«እኔ አልነበርኩም።»

«ተወካይ መገኘት የለበትም። ወካይዋ ራሷ ናት መታወቂያ ይዛ የምትቀርበው። ፎቶዋም ይኸው።»

ስክሪኑን አዞረችለት። መብሩካ ነበረች። የሆስፒታሉን ቀን ሻሽ አስራለች፣ ዓይኗ ካሜራው ላይ አይደለም።

«ሰዓቱ ግን» አለ ሙዘይን። «ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ላይ ሆስፒታል ነበረች። እኔ አጠገቧ ነበርኩ።»

ጵርስቅላ ወደ ስክሪኑ ተመለሰች። «ልክ ነው፣ ዘጠኝ ሃያ። በፈረንጅ ነዋ። በኛ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ። ከሰዓት ቢሆን አሥራ አምስት ይል ነበር።»

ባንክ ቤት ያለው ልጅ ቀኑን ቀይሮለት ነበር። ሰዓቱን እንዳለ አነበበው። ሙዘይንም እንደሰማው ተቀበለው።

በዚያን ቀን ጠዋት ሱብሂ ሰግዶ አጣና ሊጭን እንጦጦ ወጥቷል። ስድስት ሰዓት ላይ ሲመለስ መብሩካ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር፣ ጫማዋ እግሯ ላይ ነው። «ታች ሱቅ ወርጄ ነው» አለችው። ትንፋሿ አጥሮ ነበር። ከዚያ በፊት ስለ ቤቱ ወረቀት ሁለት ጊዜ አንስታበታለች፣ ሁለቱንም ጊዜ «የሞት ወሬ አታምጪብኝ» ብሎ አስቁሟታል። ሦስተኛውን ጊዜ አልነገረችውም። አራት ፎቅ ወርዳ፣ እስከ መገናኛ ሄዳ፣ እዚህ ሁለተኛ ፎቅ ወጥታ፣ ተሰልፋ፣ ከፍላ፣ ፈርማ፣ ተመልሳ እንደገና አራት ፎቅ ወጥታለች። ስምንት ሰዓት ላይ ሆስፒታል ገባች።

«አባቴ» አለች ጵርስቅላ፣ «ይሄ ውክልና ግን አሁን አይሠራም። ወካይ ሲሞት አብሮ ቀሪ ይሆናል። የሚሠራልዎት የፍርድ ቤቱ ነው።»

«አውቃለሁ። ኮፒውን ስጪኝ።»

«ምን ያደርግልዎታል?»

«ሰዓቱን ነው የምፈልገው።»

«ኮፒው ላይ ሰዓት የለም፣ ቀን ብቻ ነው። ሰዓቱ ያለው ደረሰኙ ላይ ነው።»

«ደረሰኙን ስጪኝ። ከጎኑ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ ብለሽ ጻፊበት።»

ጵርስቅላ በጉንፋኗ መሐል ሳቀች። «የመንግሥት ደረሰኝ ላይ በእስክሪብቶ ልጽፍ? እንጀራዬን ሊያሳጡኝ ነው?» ፊቱን አየችና ሳቋን ተወች። አትማ ሰጠችው። ከቢጫ ወረቀት ላይ ቁራጭ ቀደደች፣ «ጠዋት 3:20» ብላ ጻፈችና በስፒል አያያዘችለት።

ከዚያው ቀበና ወረደ። መጋረጃ ቤቱ አስፋልቱ ዳር ነው። ሀውላ ማሽን ላይ ነበረች፣ እግሯ ሥር ነጭ ጨርቅ ተከምሯል። ሲገባ አየችውና ማሽኑን አቆመች። ባለ ሱቋ ሰላምታ ሰጥታው ወደ ጓዳ ገባች።

«ደህና ነዎት?» አለች ሀውላ። «ዝናብ መትቶዎታል። ይቀመጡ።»

ሙዘይን ቆሞ ቀረ። በሃያ አራት ዓመት ውስጥ አንቱ ብላው አታውቅም። ስትቆጣው እንኳን አንተ ነበር የምትለው፣ ስትቆጣው እንዲያውም ይበልጥ።

ደረሰኙን ጨርቁ ላይ አስቀመጠ። ሁሉንም ነገራት። ስለ ጌድዮን ነገራት፣ ስለ ውልና ማስረጃ፣ ስለ ፎቶው። ጥሩ አድርጎ አልተናገረም። ሀውላ አላቋረጠችውም። አክስቷ ብቻዋን ደረጃ ስለመውረዷ ሲናገር አንገቷን ደፋች፣ ዓይኗን በክንዷ ጠረገች፣ ከዚያ ደረሰኙን አንስታ አየችው።

«የፈረንጅ ሰዓት ነው» አለ ሙዘይን።

«ገባኝ።»

«ልጁ ዘጠኝ ሰዓት አለኝ። እኔም ዘጠኝ ሰዓት አልኩ።»

«ገባኝ አልኩዎት።» ደረሰኙን መለሰችለት። «ይሄን ወረቀት ባያገኙትስ ኖሮ?»

ከመገናኛ እስከዚህ ድረስ ታክሲ ውስጥ ብዙ ነገር አዘጋጅቶ ነበር፣ ይሄን ጥያቄ ግን አላሰበውም። ሊዋሽ ይችል ነበር። «አላውቅም» አለ።

ሀውላ ራሷን ነቀነቀች። መልሱን አስቀድማ የገመተች ትመስላለች።

«ዓርብ ትመጫለሽ?»

«ዓርብ የምናስረክበው ሥራ አለ።»

«ቅዳሜስ?»

«እደውልልዎታለሁ።»

በሩ ድረስ ሸኘችው። ዣንጥላ ሰጠችው። አልፈልግም አላለም።

በአሥራ አንደኛው ቀን ደወለች፣ እሑድ ከሰዓት።

«ክኒንዎን ወሰዱ?»

«ወሰድኩ። ማክሰኞም አልዘለልኩም።»

«ጥሩ። ምግብስ?»

«እሠራለሁ። ትናንት ምስር ሠራሁ። ጨው በዝቶበታል እንጂ ይበላል።»

«እሺ። ሌላ ደህና ነዎት?»

ሙዘይን ደህና ነኝ ብሎ ሊያበቃ ይችል ነበር። ግን ያን ካለ ስልኩ ይዘጋል። ስለ ውሃው ጀመረ። ማክሰኞ መምጣቱ ቀርቶ ሐሙስ እንደሆነ፣ ዲንሳ ሮቶ እናስገባ ብሎ ስብሰባ እንደጠራ፣ ስብሰባው ላይ አምስት ሰው ብቻ እንደመጣ ነገራት። ሀውላ «እ» እያለች ሰማችው። ከኋላዋ የሰዎች ድምፅ ይሰማል።

«በቃ እሺ፣ ሰው ይጠብቀኛል» አለች። «ደህና ይሁኑ።»

«እሺ የኔ ልጅ። ሮቶውን ግን አራተኛ ፎቅ ድረስ የሚያወጣ ፓምፕ ከሌለ ለኛ ምንም አያደርግልንም ብያቸዋለሁ» አለ ሙዘይን። ስልኩ ተዘግቶ ነበር። የፓምፑን ነገር ለተዘጋው ስልክ ተናግሮ ጨረሰ፣ ከዚያ አስቀመጠው።